ከነብሎኑ የተነቀለው መደገፊያ
እማዬ የተከራየንበት ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። የያዘችው የብረት መደገፊያ ከነብሎኑ ተነቅሎ ነው። አከራያችን «ዕድሏ ነው» አለን። አንጀቴ አረረ። እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድረን።

ደግነቱ የዛገውን ብሎንና የተፈረፈረውን ሲሚንቶ ያኔውኑ ፎቶ አንስቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን አከራያችን መደገፊያውን አስበየደው።

ለጠበቃ የሚከፈል አልነበረንም። የሐኪም ማስረጃዋን ይዤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄድኩ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 አሳዩኝ፦ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ቢሆንም። ክሱ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኛ 8 ወር አባክነናል!

አቤቱታውን ጻፉልን። አከራያችን መጥሪያው ሲደርሰው ሽማግሌ ላከ። የሕክምናውንም፣ ሥራ የፈታችባቸውን ወራትም ከፈለ። መደገፊያው አሁን አዲስ ነው። እማዬ ግን እስካሁን ግድግዳውን ይዛ ነው የምትወርደው።