ሞቱ «ራሱን አጥፍቶ ነው» ሲባል፦ ከምርመራ በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

በእንግሊዝ እንዲህ ያለውን ሞት የሚያጣራው ኮሮነር የሚባል ሹም ነው። እዚህ ሥራውን ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የፎረንሲክ ሐኪም ይከፋፈሉታል። ገላን፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ላይ ግን ከሁሉም ቀድሞ ጎረቤት ይደርሳል፤ ማስረጃው የሚበላሸውም ያኔ ነው፣ ያውም በደግነት።

ድምዳሜውን ማስቀደም። መርማሪ ግድያን፣ አደጋንና ድንገተኛ ሕመምን አንድ በአንድ ሳያጣራ «ራሱን አጠፋ» አይልም። ቢልም ፋይሉ አይዘጋም፦ የገፋፋው ወይም የረዳው ሰው ካለ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ይጠየቃል።

ቤቱን ማስተካከል። ሕይወት ካለ ማዳን ይቀድማል፤ ስለ ማስረጃ ማንም አይጨነቅ። ሞቱ ግልጽ ከሆነ ግን በሩ ይዘጋ፣ አንድ ሰው ይጠብቅ። ወለል አይወልወል፣ ዕቃ አይነሳ፣ አስከሬኑም ወደ አልጋ አይውጣ። ከሞት በኋላ ደም በስበት ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርዳል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ገደማ ሲያልፉም ቆዳው ላይ የተወው ምልክት ባለበት ይቀራል። አስከሬኑ በደረቱ ተኝቶ ምልክቱ ጀርባው ላይ ከታየ ሐኪሙ «ማን አገላበጠው?» ይላል። ያገላበጠው አዛኝ አጎት ዝም ካለ ሌላ ሰው ይጠረጠራል።

አጥቦ መገነዝ። በጥፍር ሥር ያለ ቆዳና በእጅ ላይ ያለ ብናኝ በአንድ ጆግ ውሃ ይሄዳል። ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ ብሎ ፎርማሊን ማስወጋት ይብሳል፤ የመርዝ ምርመራውን ያዛባል። ደም፣ ሽንትና የጨጓራ ይዘት መወሰድ ያለበት ከዚያ በፊት ነው።

ደብዳቤና ስልክ መሸሸግ። ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ሐሜት እንዳይመጣ ተብሎ ነው፤ ይገባናል። ነገር ግን ደብዳቤ ብቻውን ምንም አይወስንም፤ ጽሕፈቱ ከሟች የቆየ ደብተር ጋር ይነጻጸራል። አለመገኘቱም ማስረጃ አይሆንም፣ አብዛኞቹ ሳይጽፉ ነውና። ወረቀቱ ባለበት ይቆይ፤ የግድ ከተነሳ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ፣ ፌስታል እርጥበት ይይዛል። የስልኩን የይለፍ ቁጥር አትሞክሩ፤ ሲደጋገም ይቆለፋል።

ጣቢያ መሳት። የሟች መታወቂያ የአዲስ አበባ ቢሆንም ሞቱ ገላንን፣ ቡራዩንና ለገጣፎን በያዘው በኦሮሚያው ሸገር ከተማ ውስጥ ከደረሰ ጉዳዩን የሚይዘው የዚያው አካባቢ ፖሊስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ 991 ይደወላል። አስከሬን ጭኖ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ መመላለስ ነው፦ የፎረንሲክ ምርመራ የሚደረገው በፖሊስ ደብዳቤ ነው።

ድንኳን ውስጥ ቃል ማስማማት። መርማሪው ቃል የሚቀበለው ለየብቻ ነው፦ መጨረሻ መቼ ታየ፣ ምን አለ፣ ሕመም ወይም ዕዳ ነበረበት? አምስት ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ከደገመለት ጥያቄውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ቀብሩም ያን ያህል ይዘገያል።