ረጅም የካያክ ጉዞ ላይ እጅ የሚያሳብጡ ስህተቶች

በካያክ፣ ማለትም በሁለት ጫፍ መቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ጀልባ፣ ረጅም ጉዞ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የድንኳኔን ዚፕ መክፈት አቃተኝ። ጣቶቼ ተነፋፍተው አልታጠፍ አሉ። ያቺን ትንሽ የዚፕ መጎተቻ መቆንጠጥ እንኳ አልቻልኩም፤ በመጨረሻ በጥርሴ ከፈትኳት። ያኔ ጥፋቱን ሁሉ በመቅዘፊያው አላከክኩ። መቅዘፊያው ምንም አልነበረበትም።

ዋናው ስህተት መቅዘፊያውን አንቆ መያዝ ነው። ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አይጎዳም ባይ ነኝ። ጣት የሚያጥፉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። ከዚያ የሚነሱት ረጃጅም ጅማቶች በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ አልፈው ጣት ድረስ ይዘልቃሉ። ለሰዓታት አንቃችሁ ስትቀዝፉ ጅማቶቹ እንደተወጠሩ ይፋተጋሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ። በዚያው መተላለፊያ የሚያልፍ ነርቭም አለ፤ ቦታው ሲጠበው አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት መደንዘዝ ይጀምራሉ። ችግሩ ማንም አውቆ አያንቅም። ማዕበል ሲነሳ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ሲደክመን እጃችን ራሱ ይጨብጣል።

አንዱ እጅ ሲስብ ሌላው ይገፋል አይደል? የሚገፋው እጅ መጨበጥ አያስፈልገውም። ጣቶቹን ፈታ አድርጋችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው የመዳፍ ክፍል ብቻ ግፉ፤ እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ እጅ በየቀዘፋው ትንሽ ትንሽ ያርፋል። ለሚስበውም እጅ ጣቶቹን እንደ መንጠቆ ቆልመም ማድረግ ይበቃዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አልፎ አልፎ የጣቶቻችሁን መገጣጠሚያ ተመልከቱ። ቆዳው ከገረጣ አንቃችኋል።

ከዚህ የሚቀጥለው አንጓን አጥፎ መቅዘፍ ነው። አንዳንድ መቅዘፊያ ሁለቱ ጠፍጣፋ ጫፎቹ እኩል አይዞሩም፤ አንዱ ከሌላው ዘወር ብሎ ይገጠማል። ለነፋስ ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን ዘንጉን ለማዞር አንዱ አንጓ ቀኑን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይውላል። የእናንተ መቅዘፊያ ማስተካከያ ካለው ልዩነቱን ቀንሱት፣ ወይም ጨርሶ አጥፉትና ለአንድ ቀን ሞክሩት። በክንድ ብቻ መሳብም ያው ነው። ኃይሉ ከወገብና ከጀርባ ይምጣ።

ቀለበት። ከመነሳታችሁ በፊት አውልቁት፣ አለቀ። ጣት ካበጠ በኋላ አይወጣም፤ አልወጣ ብሎ ሲቀር ደም እስከማገድ ይደርሳል። የሰዓት ማሰሪያና አንጓ ላይ ጥብቅ የሚል የልብስ እጅጌም እንዲሁ ናቸው። ጠባብና ወፍራም ጓንት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ጣታችሁን ባጠፋችሁ ቁጥር ከጓንቱ ጋር ትታገላላችሁ። ለብርድ ከመቅዘፊያው ጋር የሚታሰረውን የእጅ መሸፈኛ እመርጣለሁ፤ እጁ ውስጡ ገብቶ ዘንጉን በባዶ መዳፍ ይይዛል።

በሚጠጣ ውሃ ጉዳይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዳንዱ ጨርሶ አይጠጣም። ሌላው እብጠቱን ሲያይ «ውሃ ጥም ነው» ብሎ ባዶ ውሃ በላይ በላዩ ይጨምርበታል። ከመጠን በላይ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ከጨው የምናገኘው ንጥረ ነገር) ይሳሳል፤ ይሄ ራሱ እጅ ያሳብጣል። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ረጅም ቀን ከሆነ ጨው ያለበት ነገር ብሉ። እብጠቱ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ከተጨመረ ግን ቀልድ አይደለም። ውሃ መጠጣቱን አቁማችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን ውጦ መቀጠልም የተለመደ ነው። ሕመሙን ይደብቃል፣ ጅማቱ ግን መፋተጉን አላቆመም፤ ላብ በላብ ሆኖ ውሃ ላነሰው ሰው ደግሞ ኩላሊት ላይ ጫና ነው። ከዚያ ይልቅ በየሰዓቱ ቆም በሉ። እጃችሁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ጣት መዘርጋትና መጨበጥ፣ አስር አስራ አምስት ጊዜ። ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንሽ መንከር ደስ ይላል። ስትተኙ አንጓችሁን አጥፋችሁ ጉንጫችሁ ስር አትክተቱት፤ የጠዋቱ መገተር ግማሹ ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉንም እብጠት አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሁለቱም እጆች እኩል አብጠው በእረፍት ከቀለሉ አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም። አንጓን ስታንቀሳቅሱ ክንዳችሁ ላይ የመንቋቋት ስሜት ካለ ጅማቱ ተቆጥቷል፤ ጉዞውን አሳጥሩ። ውሃ የቋጠረ ቁስል ቀልቶ፣ ግሎ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከሄደ ኢንፌክሽን ነው። አንድ ክንድ ብቻ ከላይ እስከ ታች አብጦ፣ ከብዶ፣ ሰማያዊ ከመሰለ ደግሞ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ክንዳቸውን በጣም በሚያሠሩ ወጣትና ጤነኛ ሰዎች ላይም ይደርሳል። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ካያኩን ጓደኛችሁ ይጎትትላችሁ፣ በዚያ ክንድ አንድም አትቅዘፉ።