ትልቅ ሞንታርቦ ብቻ ይበቃል ወይስ አነስ ያለ ስፒከር ከሳብዉፈር ጋር?

ለአዳራሽ፣ ለድንኳን ሠርግ ወይም ለመዝሙር አገልግሎት ድምፅ ማጉያ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ነው? ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ምርጫውን ግን እነዚህ ቁጥሮች አይወስኑትም። የሚወስኑት ከስፒከሩ እንዲወጣ የምትፈልጉት ዝቅተኛ (በጣም ወፍራም) ድምፅ የቱ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚሰማውና ቦታው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው።

የወንድ ንግግር ከ85 ሄርዝ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፤ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል) ገደማ ይነሣል፤ የሴት ደግሞ ከ165 ገደማ። ማሲንቆና ዋሽንትም ያን ያህል አይወርዱም። ባለአራት ክር ቤዝ ጊታር ግን እስከ 41 ሄርዝ፣ ባለአምስት ክሩ እስከ 31 ሄርዝ ይወርዳል። የድራሙ የእግር ምትና ኦርጋኑ ውስጥ ያለው ምት ጉልበታቸው በአብዛኛው ከ50 እስከ 80 ሄርዝ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ስብሰባ፣ ስብከት፣ ለቅሶ ወይም ያለ ባንድ የሚዘመር መዝሙር ከሆነ ሳብ (ሳብዉፈር፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር) አያስፈልጋችሁም። ሁለት ደህና ባለ12 ኢንች ስፒከሮች ይበቃሉ። ቤዝ ጊታርና ድራም ካለ ወይም ሰው የሚጨፍር ከሆነ ነገሩ ይለወጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ስፒከር የድምፁን ኃይል ሳይቀንስ ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ፣ ለምሳሌ ከ100 ወደ 50 ሄርዝ፣ ድምፁን የሚያወጣው የስፒከሩ ወረቀት ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ15 ኢንቹ ሞንታርቦ ደግሞ ቤዙን ብቻ አይደለም የሚሸከመው። ያው ወረቀት እስከ 1,500 ወይም 2,000 ሄርዝ ድረስ የዘፋኙንም ድምፅ ያወጣል። የቤዙ ምት ወረቀቱን ሲያንገላታው የሰው ድምፅ አብሮ ይናጋል። ባለአምፕሊፋየር በሆነው ስፒከር ላይ ደግሞ መከላከያው ሊሚተር ቤዙን ሊገታ ሲል አብሮ የዘማሪውን ድምፅ ይጨፈልቀዋል። ድራሙ በተመታ ቁጥር ዘማሪው ወደኋላ ሸሽቶ የሚመለስ ከመሰላችሁ ችግሩ ይህ ነው፤ ሚክሰሩ ላይ የማይኩን ድምፅ በመጨመር አይፈታም። ቤዙን ለሳብ ስትሰጡት ግን ላይኛው (ከቤዝ በላይ ያለውን የሚያወጣው) ስፒከር ይተነፍሳል፣ ባለ10 ኢንችም ቢሆን።

ሌላም ጥቅም አለው። 15 ኢንች 38 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የ900 ሄርዝ ሞገድ ርዝመትም ያንኑ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ወረቀቱ ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት እያጠበበ ወደፊት ብቻ ይልከዋል፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር እስኪረከበው ድረስ። በጎን በኩል የተቀመጡ ሰዎች ድምፁን እየሰሙ ቃላቱን መለየት የሚያቅታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በባለ10 ኢንች መጥበቡ የሚጀምረው 1,350 ሄርዝ አካባቢ ነው። ሰፊ አዳራሽ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል።

ቦታውን ደግሞ ተመልከቱ። ባዶ ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ቤዙን የሚያግዝ ግድግዳ የለም፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀንሳል። ለጭፈራ እዚያ ሳብ ግድ ነው። በሴራሚክና በኮንክሪት የተሠራ ትንሽ አዳራሽ ግን ራሱ ቤዙን ያጎላዋል፤ ሳብ ጨምራችሁበት ካልተጠነቀቃችሁ ስብከቱ ሁሉ ይደበዝዛል።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ አራት ርካሽ ሳጥን አትግዙ። ጥሩ ጥንድ ባለ12 ኢንች ግዙና አንድ ባለ18 ኢንች ሳብ በኋላ ጨምሩ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው «2,000 ዋት» ብዙውን ጊዜ ለቅጽበት የሚወጣው ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ጠይቁ። ዋቱ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ የምታገኙት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። «እስከ 40 ሄርዝ» የሚለውንም እዚያ ሲደርስ ድምፁ በ10 ዲሲቤል የሚቀንስ ከሆነ አትቁጠሩት፤ በ3 ዲሲቤል ብቻ የሚቀንስበትን ቁጥር እዩ። ሸክሙንም አስቡ፦ ባለ15 ኢንች የፕላስቲክ ስፒከር 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ ባለ18 ኢንች ሳብ ግን ብዙ ጊዜ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሳብ ከገዛችሁ አገጣጠሙ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ጥሩ ዕቃ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከሚክሰሩ የሚወጣውን ግራና ቀኝ መጀመሪያ ወደ ሳቡ አስገቡ፣ ከሳቡ መውጫ ደግሞ ወደ ላይኞቹ ስፒከሮች። አንዳንድ ሳብ የገባውን ሁሉ እንዳለ ያሳልፋል። እንደዚያ ከሆነ ላይኛው ስፒከር ጀርባ ላይ ያለውን የ100 ሄርዝ መቁረጫ አብሩት፤ አለዚያ ቤዙን ሁለቱም ይጫወቱታል፣ የገዛችሁበት ጥቅምም ይቀራል። መክፈያው (ሳቡና ላይኛው ስፒከር ድምፁን የሚከፋፈሉበት ነጥብ) ለባለ10 ኢንች 100 ሄርዝ፣ ለባለ12 ከ80 እስከ 100 ይሁን። ከ120 በላይ ከወጣችሁ ጆሮ ቤዙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጀምራል፣ የወንድ ድምፅም ከመሬት የሚወጣ ይመስላል።

ሁለት ሳብ ካላችሁ በግራና በቀኝ አትለያዩዋቸው። የ60 ሄርዝ ሞገድ 5.7 ሜትር ነው፤ ከሁለቱ ሳቦች ያላችሁ የርቀት ልዩነት 2.85 ሜትር የሆነበት ቦታ ላይ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ መሐል ላይ ግን ይከመራል። መድረኩ ፊት መሐል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው 6 ዲሲቤል ያህል ይበልጣሉ። ከኋላ ግድግዳ ካለም ወይ አስጠጓቸው፣ ወይ በደንብ አርቋቸው፤ 1.4 ሜትር ያህል ሲርቁ ያንኑ 60 ሄርዝ ግድግዳው ይበላዋል። ላይኞቹን ስፒከሮች በስታንድ ከቆመ ሰው ራስ በላይ አድርጉ፣ ትዊተሩ ከ2 ሜትር ከፍ ይበል።

ከዚያ ፌዙን (phase)፣ ማለትም ሳቡና ላይኞቹ ስፒከሮች አብረው መግፋትና መሳባቸውን፣ ፈትሹ። በስልክ አፕ መክፈያው ላይ ያለውን ድምፅ፣ 100 ከሆነ 100 ሄርዝ፣ ልቀቁና ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ሌላ ሰው የሳቡን ፖላሪቲ (የሞገዱን አቅጣጫ የሚገለብጠውን) ማብሪያ ይገልብጥላችሁ፤ ጎልቶ የተሰማበት ላይ ተዉት። በተሳሳተው ላይ ከቀረ ቤዙ ይሳሳል፣ ሳቡን ብትጨምሩትም አይሞላም።

ማይኮችን ሁሉ ሚክሰሩ ላይ ከ100 ሄርዝ በታች ቁረጡ። ሚክሰሩ ትርፍ ኦክስ (የመረጣችሁትን ድምፅ ብቻ ለይታችሁ የምትልኩበት መውጫ) ካለው ደግሞ ሳቡን በእሱ መግቡና ቤዝ ጊታር፣ ድራምና ኦርጋን ብቻ ላኩበት፤ የመድረኩ ጉርምርምታና የማይክ ንፋስ ወደ ሳቡ አይሄድም። በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ ለሳቡ የራሱን ባለ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ማራዘሚያ ስጡት፤ ማራዘሚያው የጥቅል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ይግላልና። ሚክሰሩና ስፒከሮቹ ግን ከአንድ ምንጭ ኃይል ይውሰዱ፤ ጉምጉምታ ቢመጣም የመሬቱን ሽቦ ፈጽሞ አትቁረጡ፣ ማይክ የያዘውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።