የመንግስት ኬጂ ምዝገባ፦ ወረቀቱም፣ ልጁን የምትይዘውም ሰው

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ጎረቤት በሉት፣ የሥራ ባልደረባ በሉት፣ የአክስቴ ልጅ በሉት፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «መንግስት ኬጂ ለማስመዝገብ ምን ምን ይዤ ልሂድ?» ሁለቱንም ልጆቼን እዚሁ አዲስ አበባ መንግስት ትምህርት ቤት ነው ያስገባሁት። ወተመህ ውስጥም፣ ማለትም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት፣ ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ። ለእያንዳንዱ በየተራ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጥያቄው ግን ግማሹ ይጎድለዋል። ወረቀት አሟልቶ ቦታ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። መስከረም ላይ ልጃችሁን በር ላይ የምትቀበለው ማን ናት? ስንት ልጅ ይዛለች? የምታግዛትስ አለች? እነዚህን የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ምዝገባውና የሠራተኛው ጉዳይ ደግሞ የተያያዙ ናቸው። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ዕድሜ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ 5 እና 6 ዓመት ላይ ማለት ነው። 7 ሲሞላ 1ኛ ክፍል ይገባል። ድሮ ኦ ክፍል ስንለው የነበረው፣ ከ1ኛ ክፍል በፊት ለ6 ዓመት ልጆች የሚሰጠው የአንድ ዓመት ትምህርት፣ አሁን በዚህ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ልጃችሁ ለመስከረም 5 የሚሞላው ከሆነ ጊዜው ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ፣ ካልገባችሁም ገብታችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዕድሜ አትጨምሩ። «ብልህ ነው፣ ይችላል» ብላችሁ አንድ ዓመት የምትጨምሩለት ልጅ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ትንሹ ይሆናል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይደርስም፣ እርሳስ መያዝ ይቸግረዋል፣ ከዚያ ትምህርት ይጠላል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ጊዜው ስላልደረሰ ነው።

አሁን ወረቀቶቹ። የልጁ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልጁ ጉርድ ፎቶ። ከሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፣ ኦሪጅናሉንም አትርሱ። ተከራይ ከሆናችሁና መታወቂያችሁ የሌላ ወረዳ ከሆነ በወረዳ የተመዘገበ የኪራይ ውላችሁን ጨምሩበት። ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ለአካባቢው ልጅ ቅድሚያ ስለሚሰጡ እዚያ መኖራችሁን የሚያሳይ ነገር ይጠቅማችኋል።

የልደት ሰርተፍኬት የሌላችሁ ሰዎች እስከ ሐምሌ አትጠብቁ። በህጉ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ያለፈበትም ይመዘገባል፣ ግን ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል፣ መመላለስም አለው። ግንቦት ላይ ብትጀምሩት ክረምቱን ወረዳ ወረፋ ላይ አታሳልፉም።

የክትባት ካርዱን ከመሳቢያ ስታወጡ ገልጣችሁ እዩት። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ነው፣ በ9 ወር እና በ15 ወር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስከትቦ ሁለተኛውን ይረሳዋል፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ልጁ መሮጥ ጀምሯል፣ እናትም ሥራ ገብታለች። ካርዱ ላይ ክፍት ቦታ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና አማክሩ። ሃምሳ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ በሚሳሳልበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያንገላታው ግን ስም ነው። የትልቋን ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ መዝጋቢዋ መምህርት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ በእርሳሷ ጫፍ ፊደል በፊደል ስትከተል አየኋት። ከዚያ እርሳሱ ቆመ። በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ የአያቷ ስም «ኃይለማርያም» ይላል፣ በኔ መታወቂያ ላይ ደግሞ «ሀይለማሪያም»። ያን ቀን ተናደድኩ፣ ሦስት ቀንም ተመላለስኩ። አሁን ሳስበው ግን መምህርቷ ውለታ ነው የዋለችልኝ። ኬጂ መዝገብ ላይ የገባው ስም ነው 6ኛ ክፍል ፈተና ላይ፣ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ፣ ከዚያም በላይ የሚከተላት። ስለዚህ ቤት ቁጭ ብላችሁ አንዱን ወረቀት ከሌላው አስተያዩ። ሀ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ። የትውልድ ቀኑንም እዩ፤ አንዱ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ልጁ የሰባት ዓመት ልዩነት ያለው ሆኖ ያውቃል።

ምዝገባው ነፃ ነው። ደብተርና ዩኒፎርም በከተማው የመንግስት ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፣ ቁርስና ምሳም አለ። ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ለምን እንደሆነ በትህትና ጠይቁ፣ ከከፈላችሁም ደረሰኝ ተቀበሉ። ተፈላጊ ትምህርት ቤት ከሆነና ቦታ ከጠበበ በእጣ የሚለዩም አሉ፣ ስለዚህ ሁለተኛ አማራጭ ይኑራችሁ።

እንግዲህ ያልኳችሁ የምዝገባውና የሠራተኛው ጉዳይ። ትምህርት ቤት መምህር የሚጠይቀው በተመዘገበ ልጅ ቁጥር ነው። ክረምት ላይ ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ያይና «ይህን ያህል ልጅ አለኝ፣ ይህን ያህል ክፍል እከፍታለሁ፣ ይህን ያህል መምህርና ሞግዚት ያስፈልገኛል» ብሎ ወደ ትምህርት ጽህፈት ቤት ይልካል። ሁለተኛው ልጄ የገባ ዓመት እኛ ጋ ምን ሆነ መሰላችሁ? ነሐሴ መጨረሻ ላይ መዝገቡ ላይ ያለው ለሁለት ክፍል የሚበቃ ልጅ ነበር። እንቁጣጣሽ አለፈ፣ ወላጅ ከክረምት እንቅልፉ ነቃ፣ ሦስት ክፍል የሚሞላ ልጅ በር ላይ ተኮለኮለ። ማንም አልተመለሰም፣ መመለስም አይቻልም፣ ህፃን ነው። መምህራኑ ግን ሁለት ናቸው። ሞግዚት የሚባል አልነበረም።

ሁለተኛው ልጄ ሽንቱ ሲመጣ አፍ አውጥቶ አይናገርም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ልወስደው ስሄድ የማላውቀው ሱሪ ለብሶ አገኘሁት። የራሱ ሱሪ ርሶ በፌስታል ተቋጥሮ እጁ ላይ ነው። የቀየረችለት ምሳ ሊያቀርቡ ከመጡት መጋቢ እናቶች አንዷ ነበረች፣ ሱሪውም ከቤቷ ያመጣችው ነው። መምህርቷን ሳናግራት እንባዋ መጣ። «እኔ አንዱን ሽንት ቤት ልወስድ ስወጣ ሌሎቹን ለማን ልተዋቸው?» አለችኝ። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ግማሹ ጥፋት መስከረም ላይ የመጣነው የኛ የወላጆች ነበር።

ስለዚህ ግል ትምህርት ቤት ላስገባ ወይስ መንግስት እያላችሁ እያመነታችሁም ቢሆን በጊዜ ተመዝገቡ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ፣ ቦታው ለሌላ ልጅ ይለቀቃል።

ስትመዘገቡ ደግሞ ጠይቁ። መጠየቅ ነገረኛ መሆን አይደለም፣ አነጋገር ካወቃችሁበት ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱላችሁ። «ይቅርታ ላስቸግርዎት፣ ዘንድሮ አንድ ክፍል ስንት ልጅ ይይዛል?» ከዚያ «ረዳት ወይም ሞግዚት አለች? ቀኑን ሙሉ ናት ወይስ ለሁለት ክፍል አንድ?» ይህ ሁለተኛው ዋናው ነው። ወረቀት ላይ ሞግዚት አለች ይባላል፣ ግን ሦስት ክፍል እየዞረች ከሆነ ለልጃችሁ የለችም ማለት ነው።

ስለ መምህርቷም ጠይቁ፣ ለዚህ ዕድሜ የሰለጠነች ናት ወይስ ከላይ ክፍል የመጣች? እንደ ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ባሉ ቦታዎች ለህፃናት ትምህርት የሚሰለጥኑ አሉ፣ ሁሉም ክፍል ግን አይዳረስም። ከ5ኛ ክፍል ተዛውራ የመጣችም ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፣ አይቻለሁ። የኔ መለኪያ የክፍሉ ግድግዳ ነው። ስዕሉና ፊደሉ በልጅ ዓይን ቁመት ተለጥፎ ከሆነ፣ ጥግ ላይ የለስላሳ ቆርኪ በካርቶን ተጠራቅሞ መቁጠሪያ ሆኖ ካየሁ፣ ልጆቹም መሬት ላይ ቁጭ ብለው የሚጫወቱበት ምንጣፍ ካለ፣ ልቤ ያርፋል። ጥቁር ሰሌዳውን ሞልታ የምታስገለብጥ ከሆነ ግን የ5 ዓመት ልጅ ይደክመዋል። ደብተሩ በእንግሊዝኛ ስላልተሞላ አትዘኑ። በዚህ ዕድሜ ጨዋታው ነው ትምህርቱ።

ሌላ ሰው የማይጠይቀው ነገር፦ መምህርቷ ስትቀር ማን ይገባል? የኬጂ መምህራን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ የወሊድ ፈቃድ ደግሞ አራት ወር ገደማ ነው። መብቷ ነው፣ ይገባታልም። ትምህርት ቤቱ ግን ተተኪ ካላዘጋጀ ሁለት ክፍል ይደባለቅና ልጆቹ ግማሽ ዓመቱን እንዲያው ያሳልፋሉ። ቀድማችሁ ብትጠይቁ ርዕሰ መምህሩም ቀድሞ ያስባል።

ልጃችሁ ለየት ያለ ነገር ካለው፣ የመስማት ይሁን፣ የማየት፣ ዘግይቶ መናገር ይሁን የሚጥል በሽታ፣ አትደብቁ። ስፍራ እንዳይከለክሉት ብለው የሚደብቁ ወላጆች አሉ፣ ስሜታቸው ይገባኛል። ግን መምህርቷ ካላወቀች አጠገቧ አታስቀምጠውም፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያም አይጠራለትም። የማይስማማው ምግብ ካለም ለመምህርቷም ለመጋቢ እናቶቹም ንገሩ። ማን ማን ሊወስደው እንደሚችልም የሁለት ሰው ስምና ስልክ ጽፋችሁ ስጡ፣ ለጥበቃውም ሰዎቹን በአካል አስተዋውቁ።

መስከረም ገብቶ ሠራተኛ ከጎደለ በር ላይ ቆሞ ማማረር ምንም አያመጣም። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ ለርዕሰ መምህሩ ጻፍን፣ ግልባጭ ለወረዳው ትምህርት ጽህፈት ቤት። ስድብ የለውም፣ ሆድ መባስ የለውም። የልጅ ቁጥር፣ የክፍል ቁጥር፣ የመምህር ቁጥር፣ ሞግዚት ከሌለች ስንት ቀን እንደሆነ፣ በቃ። ወላጆች ፈረሙበት፣ በወተመህ በኩል አስገባነው፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ተቀበልን። ርዕሰ መምህሩ ራሱ «ጥሩ አደረጋችሁ፣ እኔ ብቻዬን ስጽፍ አይሰማም» አለን። ጥቅምት ሳያልቅ ሞግዚት መጣች። እትዬ እንላታለን፣ ልጄ እስካሁን ስሟን ይጠራል።

ለመጀመሪያው ቀን ቦርሳው ውስጥ መቀየሪያ ሱሪና ካልሲ በፌስታል አድርጋችሁ ክተቱ። ሹራቡና ጃኬቱ ላይ ከውስጥ በኩል፣ አንገቱ ጋ፣ የልጁን ሙሉ ስም በእስክሪብቶ ጻፉበት። ዩኒፎርሙ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው።