የማንጋ ሥዕል ከማጋራትህ በፊት ሠዓሊውን ፈልግ
የወደድከውን የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ገጸ ባሕርይ ሥዕል ስታገኝ ወዲያው ስክሪንሹት አንስተህ አትለጥፈው። መጀመሪያ ማን እንደሳለው እይ። ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ትንሽ ፊርማ አለ፤ ከሌለ ምስሉን በምስል መፈለጊያው ጎግል ሌንስ ላይ ጫነው፣ ምናልባት ከ2007 ጀምሮ የጃፓን ሠዓሊዎች ሥራቸውን ወደሚያስቀምጡበት ወደ ፒክሲቭ ድረ ገጽ ይወስድሃል። እዚያ በጃፓንኛ «ሙዳን ተንሳይ ኪንሺ» (無断転載禁止) የሚል ጽሑፍ ካየህ ያለ ፈቃድ ሌላ ቦታ መለጠፍ ክልክል ነው ማለት ነው፣ ስሙን ብትጠቅስለትም እንኳ። ያኔ ሊንኩን ብቻ አጋራ። ፊርማውን ቆርጦ ማውጣትማ ነውር ነው!

ስታደንቅም «ያምራል» ብለህ አትለፈው። የገጸ ባሕርይዋ ዓይን ውስጥ ያለችውን ነጭ የብርሃን ነጥብ፣ ነፋስ የበተነውን የፀጉሯን መስመር አንስተህ ለሠዓሊው ንገረው። በአማርኛም ቢሆን ጻፍለት፤ ተርጉሞ ማንበብ አያቅተውም።