አሮጌ የብረት ብስክሌት እንዴት ወደ መንገድ ይመለሳል

የመጀመሪያዋን አሮጌ ብስክሌቴን የገደልኳት ራሴ ነኝ። ቀለሟ ትንሽ ስለተላጠ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ጥቁር ቀለም አስቀብቼ፣ ጽሑፏንና አርማዋን ድራሹን አጠፋሁት። አብረቀረቀች። ማን እንደሠራት የሚናገር ነገር ግን አልቀረባትም። ሁለተኛዋን ከእሁድ ገበያ በ60 ዩሮ ስገዛ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ የሚሽከረከረውን ሁሉ አድሳለሁ፣ ቀለሙን አልነካም። የምነግራችሁ በሁለተኛዋ የተማርኩትን ነው።

አሉሚኒየምና ካርቦን ገበያውን እስኪይዙ ድረስ የውድድር ብስክሌት ማለት ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደሩት የኢትዮጵያ ብስክሌተኞችም የነዱት ብረት ነው። ብረት ስል ግን የመስኮት ብረት እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 እና የሚላኑ ኮሎምበስ ቱቦዎች ጫፋቸው ወፈር፣ መሃላቸው ሳሳ ያለ ነው። ኮሎምበስ ኤስኤል የሚባለው ግድግዳው ጫፉ ላይ 0.9፣ መሃሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጥፍራችሁ መታ ስታደርጉት ያቃጭላል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ቀለምና ዝገት አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው የተጣመመ ቴላዮ፣ ማለትም የተጣመመ የብስክሌቱ አጽም፣ ነው። ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ ከታች በኩል በጣታችሁ ዳብሱት። ከመሪው አጠገብ እጥፋት ወይም እብጠት ካገኛችሁ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። አመስግናችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ፍተሻ በክር ነው። ክሩን የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙራችሁ፣ ወደ ሌላኛው ጎን መልሳችሁ ወጥሩት። ከዚያ ክሩ ከኮርቻው ሥር ወደ ፔዳሉ ከሚወርደው የቴላዮ ቱቦ በግራም በቀኝም ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። እኩል ከሆነ ቴላዮው ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ቢለያይ ችግር የለውም። በመጨረሻ ኮርቻውና መሪው ከፍና ዝቅ ይሉ እንደሆነ ሞክሩ። ካልተንቀሳቀሱ ዋጋ አስቀንሱ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

መፍታት

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ብዙ። የፍሬኑ ገመድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከሳምንት በኋላ አታስታውሱትም። እያንዳንዱን ዳዶና ራንዴላ በየራሱ ከረጢት አድርጋችሁ ጻፉበት።

በነገራችን ላይ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ጎማ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። የፖሊሱ ካቴና ራሱ ሰንሰለት ማለት ነው። ስለዚህ የሚላን ብስክሌት ስትፈቱ ግማሹን ስም ታውቁታላችሁ።

ሰው ብስክሌቱን የሚያበላሸው የብሎኑን ጥርስ አቅጣጫ ባለማወቅ ነው። የግራው ፔዳል ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። የፔዳሉ ዘንግ የሚዞርበትን ቤት ከመንካታችሁ በፊት ስፋቱን ለኩ። 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጣሊያን ነው፤ ሁለቱም ጎን እንደ ማንኛውም ብሎን ይፈታል። 68 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ነው፤ የቀኙ ጎን ተገላቢጦሽ ይሆናል። የፔዳሉን ክንድ ደግሞ በመዶሻ አትምቱ። መጎተቻ መሣሪያ አለው፤ ግዙት ወይም ተዋሱ።

የተጣበቀ የኮርቻ ቱቦ

አሁን ወደዚያ ልመለስ። ኮርቻውን ተሸክሞ ቴላዮው ውስጥ የሚገባው ቱቦ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው ብረት ነው። ሁለቱ በእርጥበት ዓመታት አብረው ሲኖሩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ዱቄቱ ይነፋና እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። እኔ ቱቦውን በሞርሳ አሥሬ ቴላዮውን በጉልበት ጠመዘዝኩት። ቀጭ! ግማሹ ውስጥ ቀረ። በመጋዝ ምላጭ ከውስጥ እየሰነጠቅኩ ለማውጣት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

የሚሻለው መንገድ ትዕግሥት ነው። የዝገት ዘይት ከላይ አፍስሱ፤ ከዚያ ቴላዮውን ገልብጡና በፔዳሉ ቤት በኩል ከታችም አፍስሱ። ሦስት ቀን ተዉት። እምቢ ካለ ቱቦውን በበረዶ ጠቅልሉት፤ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከብረት ይልቅ ይኮማተራል። አሁንም እምቢ ካለ አሞኒያ ያንን ነጭ ዱቄት ያላላዋል። ይህን ግን ደጅ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። ከበረኪና ጋር በጭራሽ እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ይመርዛል። መልሳችሁ ስትከቱት ግሪስ ቀቡት፤ ያንን ሁሉ መከራ የሚያስቀረው ያ ግሪስ ነው።

ማጽዳት

ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። አርማዎቹ ላይ ቤንዚን ወይም ቲነር አታስጠጉ። የዛገ ክሮም ካለ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ ውሃ ነክራችሁ ፈግፍጉት፤ ፎይሉ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ ሳይቧጭር ዝገቱን ያነሳል። የዛጉ ትናንሽ ብሎኖችን በኮምጣጤ አሳድሯቸው። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ በሰም ሸፍኑት። የቢያንኪ ብስክሌቶች ያ ታዋቂ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም አላቸው፤ አርባ ዓመት ፀሐይ ያደበዘዘውን ግን ማንም ቀለም ቀቢ መልሶ አይበጠብጠውም።

ኩሽኔታ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። አሮጌውን ግሪስ ጠርጋችሁ አውጡ። ኳሶቹን አትመልሱ፤ አዲሶቹ ርካሽ ናቸው። በፔዳሉ ቤት ብዙውን ጊዜ በየጎኑ 11 ኳሶች አሉ፣ እያንዳንዱ ሩብ ኢንች። ግሪሱን ወፈር አድርጋችሁ ኳሶቹን አንድ በአንድ ስካኩ፤ ግሪሱ ራሱ ይይዝላችኋል።

ከዚያ ማስተካከል። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዛችሁ አዙሩ። ቀጭ ቀጭ ካለ ጠብቋል። ወደ ጎን ከተወዛወዘ ላልቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ነጥብ የፀጉር ስፋት ታህላለች፤ መቆለፊያውን ስታጠብቁ ደግሞ ታመልጣለች። አራት አምስት ጊዜ መደጋገም የወግ ነው።

ያለ ርኅራኄ የሚቀየሩ

የፍሬን ጎማ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ጎማ። እዚህ ላይ ትዝታ አያስፈልግም፤ የደረቀ የፍሬን ጎማ ቸርኬውን ከመፋቅ በቀር አያቆምም። ጎማ ስትገዙ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 622 እና 630 የተባሉት ልኮች በዓይን አይለዩም፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ግን አይገጥምም።

ብስክሌታችሁ እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት ከሆነ፣ የማርሹ ማንሻ ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ ከሆነና የፍሬኑ ገመድ ከመሪው በላይ በአየር ላይ ከታየ፣ በጣሊያን ጋይዮሌ ኢን ኪያንቲ ለሚካሄደው፣ ኤሮይካ ለተባለው የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ለመብቃት ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር 92 ሰው ነበር የነዳው። ነጩን የጠጠር መንገድ በሱፍ ሹራብ ይወጡታል። ተመልካቹም እያንዳንዷን ብስክሌት ጎንበስ ብሎ ያያል።

የእኔዋ እስካሁን ከሰፈር አልወጣችም። ማንሻዋ ቁጥር የለውም፤ ማርሹ መግባቱን የሚነግረኝ ድምፅ ነው። ትንሽ ስገፋው ሰንሰለቱ ያንሾካሹካል፣ ትንሽ ስጨምር ጭጭ ይላል።