የአሳማ ሽልን በላቦራቶሪ ማሳደግ፦ ከዋዜማው ዝግጅት እስከ ሰባተኛው ቀን

የአሳማ ሽልን በላቦራቶሪ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማሳደጊያው ፈሳሽ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በእኔ እምነት ጥሩ ፈሳሽ ይዘው ውጤት የሚያጡ ሰዎች የሚሳሳቱት ሽሉ ወደ ፈሳሹ ከመግባቱ በፊት ባለው ሌሊት ነው።

ስለዚህ ሥራው በዋዜማው ይጀመራል። በፔትሪ ዲሽ (ክዳን ባለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን) ላይ ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሊትር የሚሆኑ የማሳደጊያ ፈሳሽ ጠብታዎችን አኑሮ ወዲያው ለሽል ሥራ በተፈተሸ የማዕድን ዘይት መሸፈን ያስፈልጋል፤ ጠብታው ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ተጋልጦ ከቆየ ውኃው ይተንና የጨው ክምችቱ ከፍ ይላል። ፈሳሹ ባይካርቦኔት ስላለበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.4 ባለው ወሰን የሚረጋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበቂ መጠን ሲገባበት ነው፤ ጋዙም በዘይቱ ውስጥ የሚያልፈው ቀስ እያለ ስለሆነ ዲሹን በኢንኩቤተር (ሙቀትና ጋዝ በሚቆጣጠር ማሞቂያ ሣጥን) ማሳደር ይሻላል።

የኢንኩቤተሩ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ይህ የእንስሳዋ የሰውነት ሙቀት ስለሆነ ለሰው ሕዋሳት የተለመደው 37 ዲግሪ እዚህ አይሠራም። ጋዙ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 5 በመቶ ኦክስጅን፣ ቀሪው ናይትሮጅን ሆኖ እርጥበቱ ሙሉ ሊሆን ይገባል። በከባቢ አየር ያለው 21 በመቶ ኦክስጅን በማኅፀን ቱቦ ውስጥ ካለው እጅግ ስለሚበልጥ ሽሉን ለኦክሲዴሽን ጉዳት ያጋልጠዋል። በማሽኑ መስኮት ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ ከማመን ይልቅ ዲሹ በሚቀመጥበት ቦታ በሌላ ቴርሞሜትር መለካትን አጥብቄ እመክራለሁ።

ከማሳደጊያ ፈሳሾች መካከል ለአሳማ ሽል የተዘጋጀው ፒዜድኤም-3 በሰፊው ይሠራበታል። ግሉኮስ የለውም፤ ለሽሉ ኃይል የሚሰጡት ፓይሩቬትና ላክቴት ሲሆኑ ሃይፖታውሪን ደግሞ ከኦክሲዴሽን ይከላከላል። በውስጡ ያለው የከብት አልቡሚን (ከደም የሚገኝ ፕሮቲን) ከምርት ዙር ወደ ምርት ዙር ስለሚለያይ፣ ውጤቱን በትክክል መድገም የሚፈልግ ሰው በአልቡሚን ፈንታ ፖሊቪኒል አልኮል የተባለ ሰው ሠራሽ ውሁድ የገባበትን ፒዜድኤም-5 ቢመርጥ መልካም ነው።

ዕንቁላሎቹ ለፅንሰት ከወንዴው የዘር ፍሬ (ስፐርም) ጋር 5 ወይም 6 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በተዘጋጁ ጠብታዎች ሦስት ጊዜ ታጥበው በቡድን ይቀመጣሉ፤ ለብቻው የተቀመጠ ሽል ብዙ ጊዜ ደካማ ይሆናል። የአሳማ ሽል ቅባት የበዛበትና ለቅዝቃዜ ስስ ስለሆነ፣ ከ15 ዲግሪ በታች መውረድ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ የማይክሮስኮፑ መድረክ ሞቃት፣ ሥራውም ፈጣን ይሁን።

ከፅንሰቱ በኋላ በ48ኛው ሰዓት የሕዋሳቱ ክፍፍል ይታያል፤ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ብላስቶሲስት (በውስጡ በፈሳሽ የተሞላ ክፍተት ያለው የሽል ደረጃ) ይቆጠራል፤ በመካከሉ የኢንኩቤተሩን በር አለመክፈት ይመረጣል። ብዙዎቹ በአራት ሕዋስ ላይ ከቆሙ፣ የሽሉ የራሱ ጂኖች በስፋት ሥራ የሚጀምሩት በዚህ ደረጃ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጋዙንና ፈሳሹን መመርመር ይገባል። ጭራሽ ካልተከፋፈሉ ግን ምክንያቱን በዕንቁላሉ መብሰል ወይም በፅንሰቱ መፈለግ ይሻላል። በአሳማ አንድ ዕንቁላል ከአንድ በላይ የዘር ፍሬ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ጥቂቶቹን ቀለም ነክሮ ኒውክለሶቻቸውን ሳይቆጥሩ በክፍፍሉ መጠን ብቻ መርካት አያስተማምንም።